ጎዶሎው ቋሚ

መቼም ሰው የሚያፍርበትን ነገር አስቀድሞ ከተናገረ ቀሪው ወግ ይቀልለታልና እኔም ከእርሱ ልጀምር።

ከዓመታት በፊት በጎባ ገበያ አንድ የቀርከሃ ቅርጫት ገዝቼ ነበር። ሻጩ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አዛውንት ነበሩ፤ ከፊታቸው ሰባት ስምንት ቅርጫት ደርድረዋል። ዋጋ ጠየቅሁ፤ ነገሩኝ። ግማሹን ጠራሁ። ትንሽ ወረዱ፤ እኔ ግን ከግማሹ ንቅንቅ አላልሁም። «አባቴ፣ እንጨት እኮ ነው» አልኋቸው። ዝም ብለው ተመለከቱኝ። ከዚያም፣ «ይሁን ልጄ፣ ቀኑ መሽቷል፤ ወደ ሪራ ተሸክሜው አልመለስም» ብለው ሰጡኝ። ባለድል ሆኜ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በዚያን ጊዜ የታሪክ መምህር ነበርሁ። ቅርጫቱን የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ማስቀመጫ አደረግሁት። ስለ አክሱም ሐውልቶች፣ ስለ ላሊበላ ውቅር ቤተ ክርስቲያናት፣ ስለ ጎንደር ግንቦች የተጻፉ መልሶች በየዓመቱ እዚያ ቅርጫት ውስጥ ይከማቹ ነበር። ወረቀቶቹን የያዘው ዕቃ ግን ከታሪክ ጋር ጉዳይ ያለው አይመስለኝም ነበር።

ሪራ የት እንደሆነች በቅጡ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ባሌን ላላየ ሰው መንገዱን ላመልክት። ከዞኑ ዋና ከተማ ከሮቤ ተነሥቶ ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ሲሄዱ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር መዲና ጎባ ትገኛለች። ከጎባ በስተደቡብ መንገዱ ሽቅብ ይወጣና ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ባለው በሰነቴ አምባ ላይ ይዘረጋል። በዚያ ጅብራው እንደ ዘብ ቆሟል፤ ቀይ ቀበሮው ፍልፈል እያደነ ይዞራል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ሆኖ ቁልቁል ይመለከታል። አምባው ሲያልቅ መንገዱ በአንድ ጊዜ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። መጀመሪያ አስታው ይቀበላል፤ ቀጥሎ ኮሶው፤ ከዚያም ቀርከሃው። ሪራ በዚያ ቁልቁለት ላይ፣ በደመናና በቀርከሃ መካከል ያለች መንደር ናት። መንገዱ ከእርስዋ አልፎ የጫካ ቡና ወደሚበቅልበት ዝቅተኛ ደን፣ ከዚያም ወደ ደሎ መና ይዘልቃል። እንግዲህ እኔ በጥቂት ብር የተከራከርሁበት ቅርጫት ያን ሁሉ ብርድ አቋርጦ የመጣ ነበር። ሳይሸጥ ቢቀር ደግሞ ያንኑ ብርድ አቋርጦ ይመለስ ነበር።

ቀርከሃን የባሌ ኦሮሞ ሌመና ይለዋል። በአገራችን ሁለት ዓይነት ቀርከሃ ይበቅላል። የቆላው ዓይነት ውስጡ ድፍን ነው፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላዎች ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። የደጋው ዓይነት ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የሚበቅል ሲሆን ውስጡ ክፍት ነው። ለብዙ ዓመታት ሲጠቀስ የኖረው ግምት የኢትዮጵያ ቀርከሃ በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል የሚል ነበር፤ የደጋው ድርሻ ከዚህ ጥቂቱ ብቻ ነው። ዳሩ ግን ለሽመና የሚመቸው ይኸው ጥቂቱ ነው። ውስጡ ክፍት በመሆኑ በስለት ሲመቱት ከአናቱ እስከ ሥሩ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ዶርዜዎች በጨንቻ ደጋ ላይ እንደ ዝሆን ራስ የቆሙ ረጃጅም ቤቶቻቸውን የሚሸምኑት፣ የሲዳማ ደገኞች ቤታቸውንና አጥራቸውን የሚሠሩት፣ የአዊ ባለእጆች በእንጅባራ ዙሪያ ወንበርና መደርደሪያ የሚያበጁት ከዚሁ ተክል ነው።

አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ወደ ሪራ ወረድሁ። ያን አዛውንት ፈልጌ ነበር ብል ለራሴ ክብር በሰጠሁ ነበር። እውነቱ ግን ከጓደኞቼ ጋር አገር ለማየት ነው የሄድሁት። በአንድ አጥር ጥግ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ቁጭ ብሎ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ አየሁና ቆምሁ። ቆይቼም አጠገቡ ተቀመጥሁ።

ሥራው ከመቁረጥ ይጀምራል። የቀርከሃ ቡቃያ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ቁመት ግን ብስለት አይደለም። ለሥራ የሚሆነው ሦስት ዓመት ገደማ የሞላው ነው። ከዚያ በፊት የተቆረጠ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ነቀዝም ቶሎ ይገባበታል። የሚቆረጠውም ዝናቡ ካባራ በኋላ በበጋ ነው። አዋቂ ሰው ከአንድ ቁጥቋጦ መካከል የበሰለውን መርጦ ያወጣል፤ ለጋውን ለከርሞ ይተወዋል። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚመነጥር ሰው የዛሬ ገንዘብ ያገኛል እንጂ የከርሞ ቀርከሃ የለውም።

የተቆረጠው ግንድ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ይሰነጠቃል። ከዚያ የውስጡ ለስላሳ ክፍል እየተላገ ይወጣና ጠንካራው ቆዳ ብቻ ይቀራል። ሰውየው ስንጥቁን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ቢላዋውን አንድ ቦታ ያቆማል፤ የሚንቀሳቀሰው ስንጥቁ እንጂ ቢላዋው አይደለም። ይህን ባየሁ ጊዜ፣ ብዙ ጣት በዚህ መንገድ እንደተረፈ ወዲያው ገባኝ።

መሠረቱን መሬት ላይ አነባብሮ ከጣለ በኋላ ቋሚዎቹን ሽቅብ አጠፋቸው። እኔም እንደ ልማዴ ቆጠርሁ፤ ሃያ አራት ነበሩ። እርሱም ቆጠረ መሰለኝ፣ ከመካከላቸው አንዱን ቋሚ ለሁለት ሰነጠቀውና ሃያ አምስት አደረጋቸው። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት። ሳቀና አሳየኝ። አግዳሚው ስንጥቅ አንዱን ቋሚ በፊት፣ ተከታዩን በኋላ እያለፈ ይዞራል። ቋሚዎቹ ሃያ አራት ቢሆኑ አግዳሚው ዞሮ ሲመለስ በፊት ያለፈውን ዳግመኛ በፊት፣ በኋላ ያለፈውንም ዳግመኛ በኋላ ያልፋል። ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ይደግመዋል እንጂ አይቆልፈውም። ሃያ አምስት ሲሆኑ ግን እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ዙር በተቃራኒ ይሄዳል፤ በዚህም ይያያዛል። እኛ እንዲህ ያለውን ቁጥር «ጎዶሎ» እንለዋለን። ቅርጫቱን የሚያቆመው ግን እርሱ ነው። ይህ ሒሳብ በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፌ ውስጥ አልነበረም።

በዚያን ቀን ወደ ጎባ ስመለስ አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። ይህ ጥበብ ዕድሜው ስንት ነው? ማስረጃውስ የት አለ?

ማስረጃ የለም ማለት ይቻላል። ቅርጫት ይበሰብሳላ! በ2019 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት በባሌ ተራሮች ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በተባለ የዋሻ መጠለያ የተገኘውን ዘርዝሯል። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች በየጊዜው እየመጡ ከ3,400 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ እሳት አንድደው፣ ትልቁን ፍልፈል ጠብሰው በልተው ኖረዋል። ለመሣሪያቸው የሚሆን ጥቁር ባልጩት ከዋሻው በላይ ካሉት ከፍታዎች ያመጡ ነበር። ተመራማሪዎቹ ባልጩቱን አገኙ፤ አጥንቱን አገኙ፤ አመዱን አገኙ። እነዚያ ሰዎች ድንጋዩን በምን ተሸከሙት? በእጃቸው? በቆዳ? በተጎነጎነ ነገር? የተሸከመው ነገር ቀድሞ አፈር ሆኗል። እኛም የድንጋይ ዘመን ብለን የሰየምነው፣ ድንጋዩ ስለቀረልን ነው። የዚያ ዘመን ሰው ራሱ ስም ቢያወጣ ኖሮ ምናልባት የልጥና የገመድ ዘመን ይለው ነበር።

ወደ እኛ ዘመን ሲቀርብም ነገሩ ያው ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ የነበረው ጸሐፊ አል-ዑመሪ በዘመኑ ስለነበሩት የእስላም ግዛቶች ሲጽፍ ባሌን ይጠቅሳል። አገሩ ለም መሆኑንና ሕዝቡ በገንዘብ ሳይሆን ከብት፣ በግና ልብስ እየተለዋወጠ እንደሚገበያይ ይነግረናል። ከብትና በግ በእግሩ ይሄዳል። እህሉና ማሩ ግን ያለ መያዣ ገበያ አይወጣም። መያዣው በታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል፤ ጸሐፊው የሚቆጥረው በውስጡ ያለውን ነውና።

አንድ ጊዜ ግን መያዣው ራሱ የታሪክ ጉዳይ ሆኗል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ባሌ በምኒልክ መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ የገባር ሥርዓት ተተከለ። ገባሩ እህልና ማር ያገባ ነበር፤ እህሉ በቁና ይሰፈራል። ቁና ምንድን ነው? የተሰፋ ዕቃ ነው። እጅ ሠርቶት እጅ የሚያሰፋው ወይም የሚያጠበው ልክ ነው። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የተናገረው ሰው ግን ስለ ሥነ ምግባር ብቻ የተናገረ አይመስለኝም። አንድ ቀን ተሰፍሮበት ያየ ሰው ይመስለኛል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በባሌ የተካሄደውንና ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩበትን አመፅ ያጠኑት ታሪክ ጸሐፊው ገብሩ ታረቀ፣ ከመነሻዎቹ መካከል የመሬትንና የግብርን በደል ያነሣሉ። ለዚያ አመፅ ጠመንጃው፣ መሪው፣ ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎለታል። ቁናውን ማንም አላስቀመጠውም።

ለመሆኑ ሠሪውን ለምን ረሳነው? ሥራው ስለበሰበሰ ብቻ አይደለም። በአገራችን በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ለብዙ ዘመን ተንቆ ኖሯል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሁሉም የስድብ ስም ነበራቸው። ነገሩ ከመብዛቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ስድብን ከአደባባይ ያርቃል፤ ከልብ ግን አያወጣም። ከዚያ አዋጅ በኋላ ከመቶ ዓመት የማያንስ ጊዜ አልፎ እኔ፣ የታሪክ መምህሩ፣ አዋጁን በክፍል ውስጥ ያስተማርሁት ሰው፣ በጎባ ገበያ ቆሜ «እንጨት እኮ ነው» አልሁ።

በባለእጆች መካከልም ቢሆን ክብሩ እኩል አልተከፋፈለም። ስፌት ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው በአለላ ያጌጠ መሶብ፣ ሙዳይና አገልግል ነው። ሴቶች በወስፌ እየወጉ፣ ሣሩን እየጠመጠሙ፣ ሳምንታትን ይፈጁበታል። የሐረር ቤቶች ግድግዳ በዚህ ሥራ ተሸልሞ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል፤ ይገባዋልም። የቀርከሃ ሽመና ግን በአብዛኛው የወንዶች ሥራ ነው፤ ቀለም የለውም፤ በሰዓታት ያልቃል። ከሳሎን አይገባም፤ ድንች፣ በቆሎ፣ ከሰልና ዶሮ ይሸከማል። በጎተራ መልክ ተሸምኖ በጭቃና በእበት ሲመረግ የዓመት ቀለብ ይጠብቃል፤ ቀፎ ሆኖ ዛፍ ላይ ሲሰቀል ንብ ያስተናግዳል። ጌጥ የሆነው ዕቃ ለእይታ ይቀመጣል፤ የሚሠራው ዕቃ እስኪያልቅ ይሠራና ወደ ምድጃ ይገባል። ስለዚህም የእርሱ ታሪክ በየትውልዱ ጭስ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ጭስ የሚሆነውም እየጠፋ ነው። ከሮቤ እስከ ሲናና ያለው ሜዳ የስንዴ አገር ሆኗል። ኮምባይነሩ አጭዶና ወቅቶ በቀጥታ ወደ ማዳበሪያ ከረጢት ይገለብጣል፤ እንቅቡና ጎተራው በመካከል ቦታ አጡ። የፕላስቲክ ሳፋ አይበሰብስም፣ ውኃ ይይዛል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ገበሬዋ እርሱን ብትመርጥ ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድም። ግን ያ ሳፋ ሲሰነጠቅ የሚጠግነው የለም፤ ምድጃም አይገባም፤ ከወንዝ ዳር ይቀራል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ፣ በጓዳችን የነበረውን ጥለን የሄድንበትን መንገድ ግማሹን የመመለስ ያህል ተሰማኝ።

ደኑም የራሱ ነገር አለው። የባሌ ጦጣ የምትባለው ፍጥረት ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት ደጋማ ደኖች በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም፤ ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማን በ1902 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አስተዋወቃት። አዲሱ መኮንንና ባልደረቦቹ በኦዶቡሉ ደን ባደረጉት ጥናት ከምግቧ ከሦስት አራተኛው በላይ ቀርከሃ፣ በተለይም ለጋ ቅጠሉ ሆኖ አግኝተውታል። ሰውየው የበሰለውን ግንድ ይፈልጋል፤ ጦጣዋ ለጋውን ቅጠል ትፈልጋለች። በአንድ ደን ሁለቱም ለረጅም ዘመን ኖረዋል። ለሁለቱም ጠላታቸው ምንጣሮና እሳት ነው። በ1992 ዓ.ም. በበጋ በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው ቃጠሎ ለሳምንታት ሲነድ ከሩቅ አገር ሳይቀር እርዳታ አስጠርቷል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስ ብሎኛል። ደስታዬ ሙሉ የሚሆነው ግን የደኑን ዕድሜ ለይቶ መቁረጥን የሚያውቀው ሰው እውቀቱ ከቅርሱ ጋር ሲቆጠር ነው። በመራጭ ቢላዋና በመንጣሪ መጥረቢያ መካከል ያለውን ልዩነት የማያይ ጥበቃ፣ ደኑን ከጠባቂው ያራርቀዋል ብዬ እሰጋለሁ።

በጃፓን በ1967 እ.ኤ.አ. ሾኖ ሾኡንሳይ የተባለ ቅርጫት ሠሪ፣ በቀርከሃ ጥበብ የመጀመሪያው ሆኖ ሕዝቡ «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» የሚለውን ማዕረግ ተቀበለ። እኔ ለሪራ ሰዎች ማዕረግ አልጠይቅም። አንድ የታሪክ መምህር ስለ አክሱም ድንጋይ አስተምሮ ሲያበቃ፣ ተማሪዎቹን «በቤታችሁ የቀረ ቅርጫት ካለ ቋሚዎቹን ቆጥራችሁ ኑ» ቢላቸው ግን ምን ይጎድልበታል?

በመጨረሻ ያን የሪራ ሰው ቅርጫቱ ሲያልቅ ዋጋውን ጠየቅሁት። ነገረኝ። አንድም ቃል ሳልከራከር ገንዘቡን አወጣሁ፤ የጎባውን ዕዳ የከፈልሁ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን ገንዘቡን አልተቀበለም፤ በጥርጣሬ ተመለከተኝና፣ «ለምን አትከራከርም? አልወደድኸውም?» አለኝ። አፈርሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ተከራከርን። ጥቂት ቀነሰልኝ፤ ጥቂት ጨመርሁለት፤ ሳቅን። ያን ጊዜ ገባኝ፤ በጎባ የበደልኋቸው አዛውንት በክርክሩ አልነበረም የተጎዱት። ሥራቸውን እንጨት ብዬ ጠርቼባቸው ነበር።

ሁለቱ ቅርጫቶች ዛሬም ከጠረጴዛዬ ሥር አሉ። የመጀመሪያው ጠርዙ ላልቷል፤ ጭስና አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል። ባለፈው ሰሞን ወረቀቶቹን አውጥቼ ቋሚዎቹን ቆጠርኋቸው።

ጎዶሎ ናቸው።